አራት ባለ ሩቦችና አንዲት ቮልስ

ባለፈው የመጽሔታችን እትም ላይ አንድ ጓደኛችን ስለ ግቢያችን የስፖርት ኑሮ ሲጽፍ፥ «ተማሪው ሁሉ ያለ ልዩነት የሚካፈልበት ስፖርት ቢኖር የእነዚያን የአራቱን ልጆች ቮልስ መግፋት ብቻ ነው» ብሎ አልፎናል። በነገሩ አልተቀየምንም፤ ብዕር ያነሣነውም መልስ ለመስጠት አይደለም። ወንድማችን ለቀልድ ብሎ የጻፈው ግን እርሱ ከገመተው በላይ እውነትነት ስላለው፥ ጥቂት ዘርዘር አድርገን ብናወጋው አንባቢ ይታገሠናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

መኪና መግፋት እንደሆነ በአገራችን የከበረ ታሪክ ያለው ሥራ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ አንዲት አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ድረስ ሲያመጣ፥ በመካከሉ ለመኪና ተብሎ የተሠራ መንገድ አልነበረም። እንዴት አድርጋ እንደ ደረሰች የታሪክ ሊቃውንት ያውቁታል፤ እኛ ግን ገፊ ሳይኖር እንዳልደረሰች ከልምዳችን ተነሥተን እንመሰክራለን።

እኛ አራት ነን። አንዱ ደብረ ብርሃን ያደገ የመንዝ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው የሞላሌ፥ ሦስተኛው የመርሐቤቴ ዓለም ከተማ፥ አራተኛው ደግሞ ከእንጦጦ የሚበልጥ ደጋ ያለ የማይመስለው የአዲስ አበባ ልጅ። መኪናችን በ1966 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቮልስዋገን 1300 ናት። አራት ላይ እኩል ተካፍለናታል። በመጀመሪያ ክፍፍሉን ቃል በቃል ወስደነው፥ እያንዳንዱ ባለ ሩብ በበኩሉ ያለውን ብልሽት እንዲያሠራ ተዋውለን ነበር። የቮልስ ሞተር ከኋላ መሆኑን ግን በውሉ ጊዜ ያሰቡበት የፊተኞቹ ሩቦች ባለቤቶች ብቻ ነበሩ። ወር ሳይሞላ የኋለኞቹ አድማ መቱ። ከዚያ ወዲህ ወጪው ሁሉ ከአንድ ኪስ ይወጣል፤ ኪሱም ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

«ቮልስን ከስፖርት ምን አገናኛት?» የሚል አይጠፋም። የስፖርት መኪና ሲባል ሁላችንም የምናስበው በፊልም ያየናትን ነው፤ ከመሬት የተጣበቀች፥ ጣራዋ የሚከፈት፥ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ። ቮልሳችን ከእርሷ ጋር የምትመሳሰለው ተመችቶት የሚቀመጥባት ሁለት ሰው ብቻ በመሆኑ ነው። ሆኖም የዘር ሐረግ ከተቆጠረ የምታፍርበት ነገር የላትም። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ ልጁ ፌሪ ፖርሽ በ1948 እ.ኤ.አ. በአባቱ ስም የምትጠራውን የመጀመሪያይቱን የስፖርት መኪና፥ 356 የተባለችውን፥ ሲሠራ ሞተሯንና ብዙ ዕቃዋን የወሰደው ከቮልስ ነበር። እንግዲህ ፖርሽ የኛይቱ የእኅት ልጅ ናት ማለት ነው። ሀብታም የእኅት ልጅ አክስቷን ብትረሳ አዲስ ነገር አይደለም።

ከዘር ይልቅ ግን ግብር ይበልጣል። በኛ አስተያየት የስፖርት መኪና ማለት ሰው ለመድረስ ብሎ ሳይሆን ለመንዳት ብሎ የሚነዳት መኪና ናት። ለመድረስማ ሚኒባስ አለ፤ ይረክሳል፥ ይፈጥናልም። በቮልስ የሚሄድ ሰው ግን ገና ከግቢው ሳይወጣ የሄደበትን ጉዳይ አግኝቷል። መሪዋ አጋዥ ስለሌለው መንገዱ የሚለውን ሁሉ ለእጅ ይናገራል፤ ጠጠሩን፥ አሸዋውን፥ ትናንት ማታ የጣለውን ካፊያ ሳይቀር። የሞተሩ ክብደት በሚነዱት በኋለኞቹ ጎማዎች ላይ ስላረፈ፥ አዳዲሶቹ መኪኖች የሚንሸራተቱበትን የጠጠር ዳገት እርሷ እየተንተከተከች ትወጣዋለች። በመታጠፊያ ላይ ግን ጠባይዋን ማወቅ ያስፈልጋል። ተጠምዛ ሳለች ድንገት ነዳጅ ቢለቁባት የኋላዋ ከፊቷ ለመቅደም ይነሣል። ስለዚህ ከመታጠፊያው በፊት ማርሽ ቀንሶ ፍጥነቱን መግታት፥ ከገቡ በኋላም ጥቂት ነዳጅ እየሰጡ በዝግታ ማውጣት ነው። ይህን አንድ ጊዜ አስተካክሎ የሠራ ሰው ለብቻው ሲስቅ ይገኛል። መብራቷ ባለ 6 ቮልት ነው፤ ጨለማን አያባርርም፥ ጨለማ መኖሩን ብቻ ያመለክታል።

እንዴት እንዳገኘናት እንናገር። የአጎታችን ነበረች። አጎታችን ስንል የመጀመሪያውን ባለ ሩብ አጎት ማለታችን ነው፤ አብረን ሞተር ከፈታን በኋላ ግን ዝምድናውንም ተካፍለነዋል። አስተማሪ ነበሩ። በፊት በዓለም ከተማ፥ በኋላም በመሐል ሜዳ አስተምረዋል። በ1968 ዓ.ም. ከአገር ከሚወጣ አንድ የውጭ አገር ሰው ገዝተዋት እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ነድተዋታል። ከዚያ በኋላ ደብረ ብርሃን ከወንድማቸው ግቢ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ዐሥራ አንድ ዓመት ቆመች። ዶሮ ዕንቁላል ጣለችባት፤ አይጥ በወንበሯ ውስጥ ወለደችባት። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ደብረ ብርሃን በተሰበሰብን ጊዜ፥ መሐል ሜዳ የሚኖሩት የአጎታችን ባለቤት፥ እትዬ የምንላቸው፥ በስልክ «ካስነሣችኋት ውሰዷት» አሉን።

የነዳጅ ገንዳዋን ብናወርደው ከሥሩ የወጣው ዝቃጭ የጠላ አተላ ይመስል ነበር። ካርቡራተሯን ፈታን፤ ገጠምን፤ ሦስት ብሎን ተረፈን፤ እንደገና ፈታን። የፍሬኗ ላስቲኮች ስለ ደረቁ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ሙሉ ዞረን ምትኩን አገኘን። ፑንቲናዋን በአሸዋ ወረቀት ጠረግን፤ ካንዴላዎቿን ለወጥን። በፊት ኮፈኗ ውስጥ ከመለዋወጫ ጎማው አጠገብ በአቡጀዲ የተሰፋ አንድ ያረጀ ከረጢት ነበር፤ ቆሻሻ መስሎን ልንጥለው ስንል የሞላሌው ባለ ሩብ «ምን አስቸኮላችሁ፥ ይቀመጥ» ስላለ ቀረ። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፥ ሞተሪኖዋ ሦስት ጊዜ አቃስታ በአራተኛው፥ እንደ ሽሮ ድስት ቱክ ቱክ ብላ ተነሣች። ያን ዕለት ከአራታችን ያላለቀሰ የአዲስ አበባው ብቻ ነው፤ እርሱም ጢሱ ዐይኔን አቃጠለኝ ብሏል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ደስታ ብቻ ነው። ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ ግን ተከራክረናል።

በጥቅምት 2015 አንድ ገዢ መጣብን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወድዶ ነበር። የቮልስ ነገር ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ የመጨረሻይቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥታ ሥራው ተዘግቷል። በአገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና እንደ አሮጌ ብር ሆነች። ሰውየው የጠራው ዋጋ ለተማሪ የሚያዞር ነበር። ከአራታችን ሁለቱ ትሸጥ አልን፤ ሁለቱ አትሸጥም አልን። እንሸጥ ካልነው አንደኛው ስስት ይዞት አልነበረም፤ ታናሽ ወንድሙን በግል ኮሌጅ የሚያስተምር እርሱ ነው፥ የዚያ ዓመት ክፍያም አልተገኘም።

ችግሩ ሊብሬው ነው። እስከ ዛሬ በአጎታችን ስም ነው ያለው። እትዬ የወራሽነት ማስረጃቸውን ከፍርድ ቤት አውጥተዋል፤ የሚቀረው ለእኛ በስጦታ ማስተላለፋቸው ብቻ ነበር። ስለዚህ ለጥምቀት መሐል ሜዳ እንሂድ፥ መኪናቸውንም እናሳያቸው፥ የስጦታውን ውል ረቂቅ ይዘን እናስፈርማቸው ተባለ። ስለ ገዢው ግን እንዳንነግራቸው ተስማማን። «ከፈረሙ በኋላ ይደረስበታል» ያልነው እኛው ነን፤ አትሸጥም ያልነው ሁለቱም ዝም ብለናልና ከነገሩ ነጻ አይደለንም።

ከዚያ በፊት አንድ ጉዞ ሄደን ነበርና እርሱን ሳንጠቅስ አናልፍም፤ ኋላ ያስፈልጋል። በኅዳር ወር የመርሐቤቴው ባለ ሩብ ቤተሰቡን ለመጠየቅ ሲነሣ ሁላችንም ተከተልነው። ከሙከጡሪ ተገንጥለን በለሚ በኩል ሄድን። ደጋው ድንገት ያልቅና የጀማ ሸለቆ ከእግር ሥር ይከፈታል። ከዚያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች መውረድ፥ ወንዙን መሻገር፥ እንደገናም ወደ ዓለም ከተማ መውጣት ነው። እኛ ነዳጅ እንቆጥባለን ብለን ሞተሩን ከማርሽ አላቀን በፎሌ ወረድን። ግማሽ እንኳ ሳንደርስ የፍሬኑ ሽታ መኪናውን ሞላው፤ ከዚያ ፔዳሉ ለስላሳ ሆነ፤ ከዚያም ጭራሽ ወለሉን ነካ። በእጅ ፍሬንና በጸሎት ከአንድ የአፈር ቁልል ጋር ተደግፈን ቆምን። ብርዱ የቀረው ከላይ ነው፤ እታች ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነበር። ከበሮዎቹ እስኪቀዘቅዙ ሁለት ሰዓት ያህል ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጠን፥ ማን ነው በፎሌ ይወረድ ያለው እየተባባልን ተጣላን።

ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ከንጋቱ በፊት ከአዲስ አበባ ተነሣን። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ስንደርስ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም፤ የእኛም ትንፋሽ በመስተዋቱ ላይ ረግቶ አንዱ በጨርቅ እየጠረገ ሌላው ይነዳ ነበር። ቁርሳችንን በልተን ወደ ታርማበር ስንቀጥል ከዳሽቦርዱ ቀዩ መብራት በራ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ የሚዞር ፋን ነው። ቀዩ መብራት ከበራ ቺንጋው ተበጥሷል ማለት ነው፥ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ልሂድ የሚል ሰው ሞተሩን ይገድላል። ቆምን። መለዋወጫ ቺንጋ መያዝ የማን ድርሻ ነበር? እንደ ልማዳችን የአራታችንም ነበር፤ ስለዚህ የማንም አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው የሞላሌው ልጅ ያን የአቡጀዲ ከረጢት አውጥቶ የፈታው። በውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቺንጋ፥ ሁለት ካንዴላ፥ አንድ ፑንቲና፥ እንዲሁም ገመድ የታሰረበት የወይራ ታኮ ተገኘ። የዕቃዎቹ ቦታ ቦታ በመርፌ ተለይቶ ተሰፍቷል። ቺንጋው ከዐሥራ አንድ ዓመት በላይ የተቀመጠ ስለሆነ ጫፍ ጫፉ ተሰነጣጥቋል፤ ቢሆንም ገጠምነውና ያዘ። አልፎ አልፎ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር።

ታርማበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚህ ላይ ስለ ፈረስ ጉልበት አንድ ቃል እንበል። ፋብሪካው ለቮልሳችን 40 ፈረስ ሰጥቷታል፤ ይህ ግን በባሕር ጠረፍ ላይ ሲለካ ነው። ሞተር የሚተነፍሰው አየር በ3,000 ሜትር ላይ ሩብ ያህሉ የለም፤ ስለዚህ ከፈረሶቹም ሩብ ያህሉ ወደ ኋላ ይቀራሉ። እኛም ከሳይንሱ ጋር ላለመጣላት በቁም ዳገት ላይ ከአራታችን አንዱን እያወረድን እንሄድ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስፈለፈለውን ዋሻ ትተን ወደ መንዝ በሚገነጠለው መንገድ ታጠፍን። ከዚያ በኋላ ያለው ደስታ እንዴት እንደሚጻፍ አናውቅም። የገብስ ክምር፥ የድንጋይ ካብ፥ ባና የደረበ እረኛ፥ ወፍራም ጭራውን እየጎተተ መንገድ የማይለቅ የመንዝ በግ፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ገደሉ አፉን ከፍቶ እስከ ቆላው ድረስ ይታያል። በሁለተኛ ማርሽ፥ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት፥ አቧራችንን ከኋላ እያስከተልን ሄድን። ልጆች ሮጠው ይቀድሙን ነበር። ከዚያ የበለጠ ፈጥነን የሄድን መስሎ ተሰምቶን አያውቅም።

መሐል ሜዳ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ክላክስ ሳንነካ እትዬ ከበር ቆመው አገኘናቸው። «ከዚያ ማዶ ጀምሮ ሰማኋት» አሉ። እኛን ከመሳማቸው በፊት ወደ ኋላ ዞረው መዳፋቸውን በሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፉ።

«ሞቃለች፤ ግን ደኅና ነች። ቺንጋዋ ለምን ታለቅሳለች?»

የሆነውን ነገርናቸው።

«ከረጢቱ አለ ማለት ነው!» አሉ፤ ድምፃቸው ሲለወጥ ሰማን። የሰፉት እርሳቸው ናቸው።

የዚያን ዕለት ማታ ዝተት ላይ ተቀምጠን ቆሎ እየቆረጠምን ጠላ እየጠጣን ስንጫወት ነው መኪናይቱ የማን እንደ ነበረች በደንብ ያወቅነው። አጎታችን ነዱ እንጂ ያዳመጡ እርሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ጆሯቸው ለሞተር ደንቆሮ ስለ ነበር፥ «ቫልቭ ላልቷል»፥ «አንድ ካንዴላ አልሠራም» የሚሉት ከጎን የተቀመጡት እትዬ ነበሩ። በቁም ዳገት ላይ መኪናይቱ ወደ ኋላ ስትል ዘልለው ወርደው ታኮውን ከጎማው ሥር የሚወረውሩም እርሳቸው። በጀማ ላይ ከአንድም ሁለት ጊዜ ነፍሳቸውን ያተረፈ ያ ወይራ ነው። የእኛን የጀማ ጀብዱ ስንነግራቸው ግን አልሳቁም።

«ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ነው ይህችን መኪና የያዘ?» አሉ። አራታችንም አንገታችንን ደፋን።

ጥምቀት እንዳለፈ፥ ጥር 13 ቀን፥ «ወደ ጓሳ ውሰዱኝ» አሉን። ጓሳን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፥ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ የሣር ደጋ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል የራሱ ሕግ የጋራ አድርጎ ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና በታወቀ ቀን ለሁሉም ይከፈታል፤ ከዚያ በፊት ያጨደ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት አፈረሰው፤ በኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ እንደገና ተሰብስቦ ጥበቃውን በሌላ መልክ አቋቁሞታል። እትዬ በዚህ ሁሉ መካከል ከፊት ወንበር ተቀምጠው ታኮውን በጉልበታቸው ላይ ይዘው ነበር። አንድ ቦታ ላይ «እዚህ ያጠፋት ነበር» አሉ። ሞተሩን አጠፋን። ንፋሱ ሣሩን ሲያጎነብሰው ይሰማል። ጭላዳዎቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው እየነጩ ይበሉ ነበር፤ ከእኛ ምንም ጉዳይ አልነበራቸውም። ብዙ ዝም አልን።

ሲመለሱ ከተማው አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ ስንደርስ «አቁም» አሉ፤ ከዚያም የሚነዳውን «እስቲ ተነሥልኝ»።

«እትዬ፥ ነድተው ያውቃሉ?»

«ሠላሳ አምስት ዓመት ነድቻለሁ። በዐይኔ።»

ዕድሜያቸው ሰባ ገደማ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው አሰሩ፤ ወንበሩን ወደ ፊት ሳቡ፤ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ማርሹን ሳያንጫርሩ አስገቡ። በመጀመሪያው ዘላ ጠፋች። በሁለተኛውም ጠፋች። በሦስተኛው ግን ሄደች። በመጀመሪያ ማርሽ ሃምሳ ርምጃ ያህል ከሄዱ በኋላ፥ እኛ ከኋላ እየሮጥን ሳለን፥ ድምፁ ተለወጠ፤ ሁለተኛ አገቡ። ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። በጎች ተበተኑ። የአዲስ አበባው ባለ ሩብ ታኮውን ታቅፎ ይሮጥ ነበር፤ ለምን እንደ ያዘው እርሱም አያውቅም። ሲቆሙ ሞተሩን አላጠፉትም፤ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደ ያዙ ትንሽ ቆዩ። «አንድ ጊዜ ላስነዳህ ብሎኝ አያውቅም» አሉ፤ ስለ ባለቤታቸው መሆኑ ነው። «እኔም አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄው ስቆ ተወው። ደግ ሰው ነበር እንጂ።»

ከዚያም ዞር ብለው ወደ መንዙ ባለ ሩብ፥ «ያ በደረት ኪስህ ያለው ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሦስት ቀን ሰማሁት፤ አምጣው እንግዲህ» አሉ።

መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ስታነብ የኖረች የአስተማሪ ሚስት ናት፤ አንድ መስመር አልዘለሉም።

«የአራታችሁ ስም አለ። ደግ ነው። ልትሸጧት ነው?»

ማንም አልጠየቀው፥ ማንም አልነገራቸው። ወንድሙን የሚያስተምረው ልጅ ሁሉንም ተናገረ፤ ገዢውን፥ ዋጋውን፥ እንዳንነግራቸው መስማማታችንን ሳይቀር። ዋጋውን ሲሰሙ «ብዙ ነው» አሉ፤ አላቃለሉትም። ስለ ወንድሙም ጠየቁት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት።

«አምስት አድርጉት። እኔም አንዷ ልሁን። እኔ ሳልስማማ አትሸጥም፤ እናንተም ሳትስማሙ እኔ አልሸጣትም። ጓሳም ከዚህ በሌላ አልኖረም።»

እንግዲህ ባለ ሩብነታችን በዚያ ቀረ፤ ባለ አምስተኛ እጅ ሆንን። ወረቀቱ እንደገና መጻፍ ነበረበት፤ ለፊርማውም እትዬ መቅረብ ስላለባቸው በክረምቱ ዕረፍት አስተካክለን እንመጣለን ብለን ተመለስን። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር ብንል ውሸት ይሆናል። የልጁ ወንድም የዚያን ዓመት ትምህርቱን አቋረጠ፤ ጓደኛችንም እስካሁን ድረስ፥ መኪናይቱን ባየ ቁጥር፥ ከአራታችን ዘግይቶ ነው የሚስቀው። እኛም አንድ ቀን እንኳ ተሳስተሃል ብለነው አናውቅም።

ክረምቱ መጣ። በሐምሌ መጨረሻ 2015 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ግጭቱ ተስፋፋ፤ የመንዝና የመርሐቤቴ መንገድ እንደዚያ እንደ ጥሩ ወር በቮልስ የሚሄዱበት መሆኑ ቀረ። አዲሱ ወረቀት፥ አምስት ስም ያለው፥ ሳይፈረም በመኪናይቱ ኪስ ውስጥ ነው። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ሲነገር ያ ገዢ እንደገና ደወለ፥ ዋጋውንም ጨመረ። «ባለቤቶቹ አምስት ናቸው፤ አንዷን በአካል ማግኘት አልቻልንም» ብለን መለስንለት።

ቮልስን የሚገድላት መቆም ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሩብ ሰዓት ያህል እናስነሣታለን። ባትሪዋ ስለ ደከመ መገፋት አለባት፤ ወንድማችን በባለፈው እትም የጻፈው ስፖርት ይህ ነው። ስልክ የሚገኝ በሆነ ጊዜ ለእትዬ ደውለን ስልኩን ከኋላ ኮፈኑ ሥር እንይዝላቸዋለን። ባለፈው ወር ጥቂት አዳምጠው፥ «በግራ በኩል አንዱ ቫልቭ ላልቷል፤ ክፈቱና እዩት» አሉ። ከፈትን። በቀኝ በኩል ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደውለን ነገርናቸው።

«እናንተ ከኋላ ቆማችሁ ነው የምታዩት፤ እኔ ከፊት ተቀምጬ ነው የሰማሁት» አሉን።